ሁለቱ ምክር ቤቶች ሳይስማሙ ሲቀሩ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት በ55 አንቀጾቹ ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁሟል፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። አርቃቂው በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በአርአያነት የያዙት የጃፓኑን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ነበር። ሰነዱን ለሚመረምር ሰው ቀዳሚው ጥያቄ ሁለቱ ምክር ቤቶች ባይስማሙ የማን ቃል ይጸናል የሚለው ነው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ አገሪቱ ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ በየጊዜው ተለዋውጧል።

የ1923ቱ መልስ አጭር ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ይጸናል። የሕግ መወሰኛውን አባላት እርሳቸው ከመሳፍንቱ፣ ከሚኒስትሮች፣ ከዳኞችና ከጦር አለቆች መካከል ይሾማሉ። የሕግ መምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል ምክንያት መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይመርጡታል። የመምሪያው አባላት ሚኒስትሮች ባቀረቡላቸው ጉዳይ ላይ መምከር ግዴታቸው ነበር፤ የራሳቸው ሐሳብ ሲኖራቸው ግን በፕሬዚዳንታቸው በኩል ለንጉሠ ነገሥቱ ከማሳሰብ የዘለለ ሥልጣን አልነበራቸውም። ስለዚህ በዚያ ዘመን በሁለቱ ምክር ቤቶች መካከል ሥልጣን ተከፋፍሎ ነበር ለማለት ይከብዳል፤ ሁለቱም የዘውዱ አማካሪዎች ነበሩ። በእኔ ግምት የሕግ መወሰኛው ትልቁ ጥቅም የየጠቅላይ ግዛቱን ባላባት አዲስ አበባ አምጥቶ በዘውዱ ዓይን ሥር ማስቀመጡ ነው።

ለውጡ የመጣው ከሰሜን ነው። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ የተመረጠ ምክር ቤትና የራሷን ሕገ መንግሥት ይዛ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የ1923ቱ ሰነድ ጊዜው ያለፈበት መሆኑ በግልጽ ታየ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም.፣ የንግሥናው 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ 131 አንቀጾች ያሉት የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታወጀ። የሕግ መምሪያው አባላት ከዚህ በኋላ ሕዝቡ በየአራት ዓመቱ የሚመርጣቸው እንደራሴዎች ሆኑ። የሕግ መወሰኛው አባላት ግን ለስድስት ዓመት የሚሾሙ ሆነው ቀጠሉ፤ ቁጥራቸውም ከእንደራሴዎቹ ግማሽ መብለጥ አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መነበብ ያለባቸው ሁለት ድንጋጌዎች አሉ። አንደኛው ገንዘብን ይመለከታል። ግብር የሚጥል ወይም የመንግሥት ገንዘብ የሚያስወጣ ረቂቅ ሁሉ መጀመሪያ መቅረብ ያለበት ለሕግ መምሪያው ነው፤ ሌላው ረቂቅ ከሁለቱ በአንዱ ሊጀመር ይችላል። ሁለተኛው አለመግባባትን ይመለከታል። አንዱ ምክር ቤት የሌላውን ማሻሻያ ካልተቀበለ ሁለቱ በጋራ ተሰብስበው ይመክራሉ፤ በዚያ ጉባኤ የጸደቀው ለንጉሠ ነገሥቱ ይቀርባል። እርሳቸው ካልፈቀዱ አሁንም ሕግ አይሆንም፤ ምክር ቤቶቹንም መበተን ይችላሉ። ቢሆንም ክርክሩ ከቤተ መንግሥት በፊት የሚካሄድበት የራሱ መድረክ አግኝቷል።

መድረኩ ግን የባለ ርስት መድረክ ነበር። ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲኖረው የምርጫው ሕግ ያዝዛል። የጭሰኛና የባለ መሬት ግንኙነትን የሚያሻሽለው ረቂቅ የደረሰበትን ስመለከት ይህ መስፈርት ያስቆጨኛል። ረቂቁ በ1960ዎቹ ለምክር ቤት ቀርቦ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ቆየ፤ ሥርዓቱ እስከ ወደቀበት ቀን ድረስም አልጸደቀም። ጭሰኛው በተሾመውም በተመረጠውም ምክር ቤት ወኪል አልነበረውም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ዘጋ።

በ1980 የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ አንድ ምክር ቤት ስለነበር ጥያቄያችን እርሱን አይነካም። ጥያቄው የተመለሰው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ መልሱም ከቀደሙት ፍጹም የተለየ ነው። ሕግ የሚያወጣው፣ በጀት የሚያጸድቀው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአዋጅ ረቂቅ ላይ ድምፅ አይሰጥም፤ ስለዚህ በተለመደው ሕግ ላይ ሁለቱ የሚጋጩበት አጋጣሚ ራሱ የለም። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ ሌላ አንድ ወኪል ያለው ይህ ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፤ ክልሎች ከፌዴራሉ መንግሥት የሚያገኙት ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመርም ይወስናል። ገንዘቡን የሚመድበው አንዱ፣ የሚከፋፈልበትን ስሌት የሚያወጣው ሌላው ነው ማለት ነው። ሁለቱ በጋራ የሚወስኑት ፕሬዚዳንት እንደ መምረጥና ሕገ መንግሥቱን እንደ ማሻሻል ባሉ ጥቂት ጉዳዮች ነው።

በሌሎች በርካታ አገሮች ለፍርድ ቤት የሚተወው የትርጉም ሥልጣን እዚህ ለፖለቲካ ምክር ቤት መሰጠቱ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በ2012 ዓ.ም. ታየ። ምርጫው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመኑን ጉዳይ ለትርጉም መራው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ባለሙያዎችን በአደባባይ አድምጦ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሐሳቡን አጽድቆ የተወካዮች ምክር ቤትን፣ የክልል ምክር ቤቶችንና የራሱን የሥራ ዘመን አራዘመ።