ከቦሌ እስከ ናይሮቢ፦ የሁለት ሰዓት መንገድ ታሪክ

እዚህ ፓርክላንድስ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራ፣ ሕንዱም ይሁን ኬንያዊው፣ «አገራችሁ ምን ያህል ይርቃል?» የሚል አይጠፋም። «ሁለት ሰዓት ነው» እንላለን። ከቦሌ እስከ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 1,160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በጄት ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሲደርሱም ሰዓት ማስተካከል የለም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም ቢሆን እንደ እኛው ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ሆኖም ይህ መንገድ ዱሮ ሁለት ሰዓት አልነበረም፤ ለሁላችንም ሁለት ሰዓት አልሆነም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር የነበሩት ዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላኖች በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞሉም ነበር። በዚያ ፍጥነት እስከ ናይሮቢ አራት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። መነሻውም ቦሌ ሳይሆን ልደታ ነበር። በዚህ በኩል ደግሞ ኤምባካሲ በ1950 ዓ.ም. እስኪከፈት ድረስ የናይሮቢ ማረፊያ ኢስሊ ነበር፤ ኋላ ብዙ ስደተኛ ወገኖቻችን የተጠለሉባት ያችው ኢስሊ ማለት ነው።

ጥር 7 ቀን 1955 ዓ.ም. ጄት መጣ። አየር መንገዱ አዲስ የገዛውን ቦይንግ 720 መጀመሪያ ያሰማራው ወደ አውሮፓ ሳይሆን በዚሁ በናይሮቢ መስመር፣ በዲሲ-6 ምትክ ነበር። ኬንያ ያን ጊዜ ገና በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ ነጻነቷን ያገኘችው ከ11 ወር በኋላ ነው።

የብስ መንገዱ ሌላ ታሪክ ነው። በዲላና በያቤሎ ወደ ሞያሌ፣ ከዚያም በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ናይሮቢ፤ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በኋላ ድንበር የተሻገሩ ወገኖቻችን በኢሲዮሎ፣ ኋላም በታቬታ ካምፕ ኖረዋል። በ1983 ዓ.ም. የመጡት ደግሞ ዋልዳ ካምፕ ገቡ፤ ዋልዳ ሲዘጋም ብዙዎቹ ወደ ካኩማ ተወሰዱ። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ በ2009 ዓ.ም. ገደማ አስፋልት ለብሶ እስኪያልቅ ድረስ፣ በጭነት መኪና ላይ አቧራ እየቃሙ፣ ሽፍታ እየፈሩ (ቃሉን ኬንያውያንም ይጠቀሙበታል) ቀናት የሚፈጅ ጉዞ ነበር። በዚያ መንገድ መጥቶ የስደተኛ ወረቀት የያዘ ሰው ወደ አገሩ መመለሻ አልነበረውም። እናቱ ሞታ መርዶ ሲነገረው፣ ቀብሯ የሁለት ሰዓት መንገድ ሆኖ ሳለ፣ እዚሁ ናይሮቢ ለቅሶ ይቀመጣል። አውሮፕላኑ ግን በየቀኑ በላዩ ላይ ይመላለሳል። ስለዚህ የማኅበራችንን ታሪክ በበረራ ሰዓት ብቻ መለካት አይቻልም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት 2፡38 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው 302ኛው በረራ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ፤ ከሁሉም አገር ዜጋ የሚበዙት 32ቱ ኬንያውያን ነበሩ። ዘመድ ሊቀበል ጆሞ ኬንያታ የወጣው ሰው እዚያው በቆመበት ወሬውን ሰማ። በዚያ ሰሞን ኬንያውያን ወደ እኛ ቤት፣ እኛም ወደ እነርሱ ቤት ለቅሶ ደረስን። ዛሬም ተሳፋሪው «ደረስኩ» ብሎ እስኪደውል ድረስ ስልኩን ከእጁ የማያስቀምጥ ብዙ ነው።