ዓመተ ምሕረቱን የማይናገር ብር

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከአያት በወረደ ሣጥን ውስጥ ዛሬም ጠገራ ብር የሚገኝበት ቤት አለ። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብሎ ነው። ማርትሬዛ ከሆነ ግን ቁጥሩ አይረዳም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው።

የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ማርትሬዛ የሚባለው ብሯ ግን በዚያው ቁጥር ከ150 ዓመት በላይ ሲመታ ኖረ፤ በቪየና ብቻ ሳይሆን እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ በሮም፣ ቀጥሎም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ። ምክንያቱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የሚጠብቀው ገበያተኛ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ሥር በአልዩ አምባ ገበያ ከፍ ያለው ግብይት በዚህ ብር፣ ጥቃቅኑ በአሞሌ ጨው ይካሄድ ነበር። ሻጭ ብሩን ሳያገላብጥ አይቀበልም። በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች፣ የትከሻዋን ጌጥ፣ ከምስሏ ሥር ያሉትን ኤስና ኤፍ የተባሉ ሁለት ፊደላት ይመረምራል። ፊደላቱ የጉንዝቡርግ ብር ማተሚያ ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻ ናቸው። ላቲን የማያነበው ገበሬ ቅርጻቸውን አጥንቶ ያውቃቸው ነበር፤ ፈዘው ካያቸው ብሩን ይመልሳል። ይህን ዕውቀት ከማንኛውም የሰብሳቢ መጽሐፍ አሳንሼ አላየውም።

መጠኑም ምስክር ነው። ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን፣ የድሮ ወቄት የሚለካው በእርሱ ነበር። ጠርዙን የሚዞረው «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ነው፤ በቅርጽ የተቀዳ ሐሰተኛ ብር ይህን አጥርቶ አያወጣም። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራ በክብደት የሚመስለውን፣ የሴት ምስል ያለበትን ብር ብታወጣም ጽሑፉ የኢጣሊያ ስለነበር ገበያው ሳይቀበለው ቀረ።

ዳግማዊ ምኒልክም በፓሪስ ያስመቱት ብር በክብደቱ ማርትሬዛን ተከተለ፤ አላዱ 14 ግራም፣ ሩቡ 7 ግራም ያህል ነው። እዚህ ግን ፊደሉም ቁጥሩም የእኛው ነው። ፲፰፻፹፯ ወይም ፲፰፻፹፱ የሚል አንድ ብር ላይ አንበሳው የግራ የፊት እግሩን ያነሣል፤ በ1892 ዓ.ም. ብር ላይ የቀኙን። ቁጥሩ ያለቀበት ሰው እግሩን አይቶ ዘመኑን ሊለይ ይችላል።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጡት ሣንቲሞች ደግሞ 1936 ዓ.ም. የሚለውን ቁጥር እንደያዙ ለዓመታት ተመቱ። የመዳቡ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር። መጠኑ ከብሩ ሃምሳ ሣንቲም ጋር ስለሚቀራረብ፣ አታላዮች ብር ቀብተው በሃምሳ ያስኬዱት ጀመር። በዚህ ምክንያት ጠርዙ እንደ አበባ ተሸረሸረ፤ የማያነብም ሰው በጣቱ ዳብሶ እንዲለየው። ክቡ ስሙኒ በእጁ ያለ ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት ይዟል ማለት ነው።

ጠገራ ብር አንጥረኛ ዘንድ ቀልጦ የአንገት መስቀል ወይም አልቦ መሆኑ የቆየ ልማድ ነው። ማርትሬዛ በብዛት የተመታ ነውና ያን ያህል አያስጨንቀኝም። የምኒልክ ብር ግን ሲቀልጥ ያመኛል። ወደ እሳት ከመግባቱ በፊት ጠርዙ፣ የግዕዝ ቁጥሩና የአንበሳው እግር ይታይ። በአመድና በአሸዋ መፈግፈጉም ይቅር፤ ፊደሉን የሚበላው እርሱ ነው።