የአምራች ኩባንያ የሂሳብ አያያዝ ፖሊሲዎች

የሂሳብ አያያዝ ፖሊሲ አንድ ድርጅት የፋይናንስ መግለጫውን ሲያዘጋጅና ሲያቀርብ የሚከተለው መርህ፣ ደንብና አሠራር ነው። በአምራች ኩባንያ ዘንድ ዋነኞቹ ፖሊሲዎች የክምችትን ዋጋ፣ የማሽነሪና የሕንፃን እርጅና፣ የሽያጭ ገቢ የሚመዘገብበትን ጊዜ፣ የውጭ ምንዛሪን፣ የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅምንና ግብርን የሚመለከቱ ናቸው። ነጋዴ ዕቃ ገዝቶ ሲሸጥ የገዛበት ዋጋ ደረሰኙ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። ፋብሪካ ግን ጥሬ ዕቃን፣ ጉልበትን፣ መብራትን፣ ነዳጅንና የማሽን እርጅናን አዋህዶ አዲስ ዕቃ ስለሚያወጣ የምርቱ ዋጋ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይገኝም፤ ተሰልቶ የሚደረስበት ነው። በዚህም ምክንያት ያመረተውና የሸጠው መጠን ሳይለወጥ፣ በስሌቱ ፖሊሲ ብቻ የአንድ ፋብሪካ ትርፍ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል።

ፖሊሲ፣ ግምትና ስህተት

ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ 8 ሦስት ነገሮችን ለይቶ ያስቀምጣል። ፖሊሲ የአሠራር ምርጫ ነው፤ ለምሳሌ ክምችትን በተመዘነ አማካይ ዋጋ መያዝ። ግምት በፖሊሲው ውስጥ በእርግጠኝነት ሊታወቅ የማይችል መጠን ነው፤ ለምሳሌ አንድ ማሽን ስንት ዓመት እንደሚያገለግል። ስህተት ደግሞ በጊዜው ሊታወቅ ይችል የነበረን መረጃ መዝለል ወይም አዛብቶ መጠቀም ነው።

ልዩነቱ በውጤት ይታያል። ፖሊሲ ሲለወጥ አዲሱ አሠራር ድሮም በሥራ ላይ እንደነበረ ተቆጥሮ ያለፉት ዓመታት አኃዞች እንደገና ይሰላሉ። ግምት ሲለወጥ ግን ለውጡ የሚነካው የያዝነውንና የሚመጡትን ዓመታት ብቻ ነው። ስህተት እንደ ፖሊሲ ለውጥ ወደ ኋላ ተመልሶ ይታረማል። የእርጅና ስሌት ዘዴን መለወጥ፣ ለብዙዎች የፖሊሲ ለውጥ ቢመስልም፣ በደረጃዎቹ መሠረት የግምት ለውጥ ነው። ፖሊሲን መለወጥ የሚቻለው ደረጃው ሲያስገድድ ወይም አዲሱ አሠራር ይበልጥ ተገቢና አስተማማኝ መረጃ ሲሰጥ ነው፤ የዘንድሮን ትርፍ ማሳመር ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሕጋዊ መሠረት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የሂሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታ የነበረው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግና በግብር ሕጎች ነበር። ለሁሉም የሚሠራ አንድ ወጥ የሪፖርት ደረጃ ስላልነበረ ኩባንያዎች እንደ ልማዳቸውና እንደ ኦዲተራቸው ምክር ይሠሩ ነበር። የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን፣ ከላይ የተጠቀሰውን ደረጃ 8 ጨምሮ፣ የአገሪቱ ደረጃዎች አደረገ። አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ በደንብ ቁጥር 332/2007 ተቋቋመ። ትግበራው በሦስት ምዕራፍ ተከፍሎ ከባንኮች፣ ከመድን ድርጅቶችና ከትልልቅ የመንግሥት ድርጅቶች ጀመረ፤ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የመጨረሻውን ተራ ያዙ።

ትልልቅ ፋብሪካዎች ሙሉውን ደረጃ ይከተላሉ። አነስተኛና መካከለኛ የሆኑት ለእነሱ የተዘጋጀውን አጠር ያለ ደረጃ መጠቀም ይችላሉ። ሁለቱ ግን በሁሉም ነገር አይመሳሰሉም፤ ለግንባታ የተወሰደ ብድር ወለድ በሙሉው ደረጃ የፋብሪካው ዋጋ አካል ሲሆን፣ በአጭሩ ደረጃ የዓመቱ ወጪ ነው። ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ ፋብሪካዎችን የሚያነጻጽር ሰው በቅድሚያ የትኛው በየትኛው ደረጃ እንደሠራ ማወቅ አለበት።

ክምችት

የአምራች ኩባንያ ክምችት ጥሬ ዕቃ፣ በሂደት ላይ ያለ ምርት፣ ያለቀለት ምርትና ልዩ ልዩ አላቂ ዕቃን ያቀፈ ነው። በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ሂሳብ ውስጥ በጉዞ ላይ ያለ ዕቃም የራሱ መስመር አለው። ከባሕር ማዶ የተገዛ ጥሬ ዕቃ ገና ጅቡቲ ወደብ ላይ እያለ የገዢው ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚወሰነው በግዢ ውሉ ላይ ኃላፊነት ከሻጩ ወደ ገዢው በሚተላለፍበት ነጥብ ነው።

ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ 2 ክምችት በወጣበት ዋጋና በተጣራ የመሸጫ ዋጋው መካከል ዝቅተኛ በሆነው እንዲያዝ ያዛል። የወጣበት ዋጋ የግዢ ዋጋን፣ የማይመለስ ቀረጥን፣ ማጓጓዣን፣ ቀጥተኛ ጉልበትንና የፋብሪካ ጠቅላላ ወጪዎችን ይጨምራል። የሽያጭ ክፍል ደመወዝ፣ የአስተዳደር ወጪ፣ ከልክ ያለፈ ብክነትና ምርቱ ካለቀ በኋላ የሚከፈል የመጋዘን ኪራይ ግን አይካተቱም። የዱቄት ፋብሪካ ከዱቄቱ ጋር ፉርሽካ፣ የስኳር ፋብሪካ ከስኳሩ ጋር ሞላሰስ ያወጣል። እንዲህ ያለ ተረፈ ምርት ዋጋው አነስተኛ ከሆነ በተጣራ የመሸጫ ዋጋው ይለካና ከዋናው ምርት ወጪ ላይ ይቀነሳል።

ጥሬ ዕቃ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ዋጋ ሲገዛ የትኛው ዋጋ ወደ ወጪ፣ የትኛው ወደ ክምችት ይሂድ የሚለው የፖሊሲ ምርጫ ነው። አንድ ፋብሪካ 100 ኩንታል ስንዴ እያንዳንዱን ኩንታል በ5,000 ብር፣ ቀጥሎም 100 ኩንታል እያንዳንዱን በ7,000 ብር ገዝቶ 120 ኩንታል ተጠቀመ እንበል። «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» በሚለው ዘዴ ወጪው 640,000 ብር፣ ቀሪው ክምችት 560,000 ብር ይሆናል። በተመዘነ አማካይ ዋጋ ደግሞ ወጪው 720,000፣ ክምችቱ 480,000 ብር ነው። ዋጋ በሚንርበት አገር የመጀመሪያው ዘዴ ትርፍን ያሳድጋል። «ኋላ የገባ ቀድሞ ይውጣ» የሚለው ሦስተኛ ዘዴ ወጪውን ወደ 800,000 ብር ያወጣው ነበር፤ ነገር ግን ደረጃው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሻሻል ተከልክሏል። በአሜሪካ ዛሬም ይፈቀዳል፤ እንደ ካተርፒላር ያሉ አምራቾችም ይጠቀሙበታል። ይሁንና የአገሪቱ የግብር ሕግ ይህን ዘዴ ለግብር የተጠቀመ ኩባንያ ለባለአክሲዮኖች በሚያቀርበው ሪፖርትም እንዲጠቀምበት ያስገድዳል።

የማያባራ ውይይት የሚያስነሳው የፋብሪካ ቋሚ ወጪ ክፍፍል ነው። ደረጃው እንደ ሕንፃ እርጅናና እንደ ጥገና ክፍል ደመወዝ ያሉ ቋሚ ወጪዎች በመደበኛ የማምረት አቅም ላይ ተመሥርተው እንዲከፋፈሉ ያዛል። መደበኛ አቅም ማለት ለታቀደ ጥገና የሚውለው ጊዜ ታስቦለት በተለመደ ሁኔታ በአማካይ ሊመረት የሚችለው መጠን ነው። መብራት በመቋረጡ ወይም የውጭ ምንዛሪ በመጥፋቱ ፋብሪካው ከአቅም በታች ቢሠራ፣ ያልተሠራበት ድርሻ የዓመቱ ወጪ ይሆናል። ቋሚ ወጪው 12 ሚሊዮን ብር፣ መደበኛ አቅሙ 100,000 ኩንታል የሆነ ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ኩንታል 120 ብር ይመድባል። ያመረተው 60,000 ኩንታል ብቻ ከሆነ 7.2 ሚሊዮን ብሩ ወደ ምርቱ ዋጋ፣ 4.8 ሚሊዮን ብሩ በቀጥታ ወደ ወጪ ይሄዳል። ወጪውን በሙሉ ለ60,000 ኩንታል ያካፈለ ኩባንያ ግን በኩንታል 200 ብር ይደርሰዋል። ሰኔ 30 በሚደረገው ቆጠራ 10,000 ኩንታል መጋዘን ውስጥ ቢገኝ ክምችቱና ትርፉ 800,000 ብር ያለ አግባብ አብጠው ይታያሉ። መደበኛ አቅሙ ስንት እንደሆነ ኦዲተሮች አጥብቀው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ቋሚ ንብረትና እርጅና

ማሽነሪና ሕንፃ በዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ 16 ይመራሉ። ኩባንያው ንብረቱን በወጣበት ዋጋ ወይም በየጊዜው በሚከለስ የገበያ ግምት ሊይዝ ይችላል፤ የመረጠው ዘዴ ግን ለአንድ የንብረት ምድብ በሙሉ መሥራት አለበት። ትልቅ ንብረት በክፍሎቹ ተነጥሎ ያረጃል። የሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን አካሉ ለአሥርት ዓመታት ሲያገለግል፣ በውስጡ የሚነጠፈው የእሳት ጡብ ግን በአጭር ጊዜ ይለወጣል፤ ሁለቱን በአንድ ዕድሜ ማስላት ወጪን ያዛባል። መለዋወጫም እንዲሁ ይለያል፤ በየጊዜው የሚያልቀው ክምችት ሲሆን፣ ለዋናው ማሽን ተጠባባቂ ሆኖ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግለው ቋሚ ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሙከራ ምርት ወቅት የተገኘ የሽያጭ ገቢ ከማሽኑ ዋጋ ላይ መቀነሱ ቀርቶ በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ይታያል።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሬት ስለማይሸጥ ፋብሪካዎች የመሬት ባለቤትነትን በሀብትነት አያሳዩም። በሊዝ የተገኘ ይዞታ የመጠቀም መብት ሆኖ ይመዘገባል፤ በሊዙ ዘመን ላይም ተከፋፍሎ ወጪ ይሆናል።

ገቢ

በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ 15 መሠረት የሽያጭ ገቢ የሚመዘገበው በምርቱ ላይ ያለው ቁጥጥር ወደ ደንበኛው ሲተላለፍ ነው። ገንዘብ መቀበል ወይም ደረሰኝ መቁረጥ ብቻውን ገቢ አያደርግም። የመጠን ቅናሽ፣ የሚመለስ ዕቃና ለአከፋፋይ የሚሰጥ ጉርሻ አስቀድመው ተገምተው ከገቢው ይቀነሳሉ። የተጨማሪ እሴት ታክስ ለመንግሥት የሚሰበሰብ ስለሆነ ገቢ ውስጥ አይገባም። በቢራና በመሰል ምርቶች ላይ የሚጣለው የኤክሳይዝ ታክስ ግን ተቀንሶ ይታይ ወይስ በገቢና በወጪ ለየብቻ የሚለው እንደ ታክሱ ባሕርይ ይወሰናል።

የፖሊሲ ጥሰት ምን እንደሚያስከትል የአሜሪካው የቤት ዕቃዎች አምራች ሰንቢም ያሳያል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1996 ከሚገባው በላይ የመጠባበቂያ ወጪ አስመዘገበ፤ በ1997 ያንኑ መጠባበቂያ እየመለሰ ትርፉን ከፍ አደረገ። ከዚያም ባለፈ ደንበኞች ገና ያልወሰዷቸውን የጓሮ መጥበሻዎች እንደተሸጡ ቆጠረ። የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን በ2001 ባቀረበው ክስ፣ ከ1997ቱ 189 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ ውስጥ ቢያንስ 60 ሚሊዮኑ በማጭበርበር የተገኘ እንደሆነ ገለጸ። ኩባንያው በዚያው ዓመት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዛሬ ዕቃው ሻጩ ዘንድ እያለ ገቢ ለመመዝገብ የሚያበቃ ተጨባጭ ምክንያት መኖር አለበት፤ ዕቃው የዚያ ደንበኛ መሆኑ ተለይቶ፣ ለርክክብ ተዘጋጅቶ፣ ለሌላ ገዢ የማይሰጥ ሆኖ መቀመጥም ይኖርበታል። መጠባበቂያም ያለፈ ክስተት ያስከተለው ግዴታ ከሌለ አይያዝም።

የውጭ ምንዛሪና የዋጋ ንረት

ማሽነሪና ጥሬ ዕቃ ከውጭ ለሚያስገባ ፋብሪካ ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ 21 ከባድ ተጽዕኖ አለው። በዶላር ያለ ዕዳ በየሪፖርቱ መዝጊያ ቀን በዕለቱ ምንዛሪ ይሰላል፤ ልዩነቱ ወደ ትርፍና ኪሳራ ይገባል። በዶላር የተገዛው ማሽን ግን በተገዛበት ቀን ምንዛሪ እንደተመዘገበ ይቆያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር በላይ ሆነ። የ1 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ የነበረበት ፋብሪካ በ110 ብር ሲሰላበት የ53 ሚሊዮን ብር ኪሳራ ይመዘግባል፤ በዚያው ብድር የተገዛው ማሽን ዋጋ ግን በመዝገቡ ላይ አይነቃነቅም።

የሦስት ዓመት ድምር የዋጋ ንረት 100 በመቶ ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ 29 ይታሰባል፤ መግለጫው በሙሉ በዋጋ ጠቋሚ ቁጥር እንደገና እንዲሰላ ያደርጋል። ዓለም አቀፍ የኦዲት ድርጅቶች ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ይህን መለኪያ ካሟሉ አገሮች ተርታ መድበዋት ነበር።

ግብርና የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅም

ለግብር የሚሰላ ትርፍና ለባለአክሲዮን የሚቀርብ ትርፍ የተለያዩ ናቸው። የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ለአብዛኛው ማሽነሪ በቀጥተኛ ዘዴ 15 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ይፈቅዳል። በ40 ሚሊዮን ብር የተገዛና 20 ዓመት ያገለግላል ተብሎ የተገመተ ማሽን በመዝገብ 2 ሚሊዮን፣ ለግብር 6 ሚሊዮን ብር በዓመት ይቀነስለታል። የ4 ሚሊዮኑ ልዩነት በ30 በመቶ የኩባንያ ግብር ሲሰላ 1.2 ሚሊዮን ብር የዘገየ የግብር ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዛሬ ያልተከፈለው ግብር ኋላ ስለሚመጣ ነው።

አሠሪው ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ በየወሩ ወጪ ሆኖ ይዘጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚከፈለው የሥራ ስንብት ክፍያ ግን እንደ አገልግሎት ዘመን ስለሚያድግ፣ ብዙ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ዕዳውን በአክቹዋሪ ባለሙያ ማስገመት ይኖርበታል።

የፖሊሲ ማብራሪያ

ፖሊሲዎቹ ከመግለጫዎቹ ጋር በሚያያዙት ማብራሪያዎች መጀመሪያ አካባቢ ይሰፍራሉ። ብዙ ኩባንያዎች የደረጃዎቹን ጽሑፍ ገልብጠው ገጽ ይሞሉ ስለነበር እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የአንባቢን ውሳኔ ሊለውጥ የሚችለው የፖሊሲ መረጃ ብቻ እንዲገለጽ ተደርጓል። በዚህ መለኪያ ጥሩ ማብራሪያ የኩባንያውን የራሱን ምርጫ ይናገራል፤ መደበኛ አቅሙን እንዴት እንደወሰነ፣ የእቶኑን ክፍሎች በስንት ዓመት እንደሚያስረጅ፣ ገቢውን በፋብሪካው በር ላይ ወይስ በደንበኛው መጋዘን እንደሚመዘግብ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ ሥራ ላይ የሚውለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ 18 ደግሞ የትርፍና ኪሳራ መግለጫን በሥራ፣ በኢንቨስትመንትና በፋይናንስ ምድቦች ይከፍላል። ይህ የፋብሪካውን የማምረት ትርፍ ከብድር ወለድና ከኢንቨስትመንት ገቢ ለይቶ ለማየት ይረዳል፤ የክምችትና የእርጅና ፖሊሲዎች ልዩነት ግን በዚያው በሥራ ትርፉ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሁለት ፋብሪካዎችን ማነጻጸር ወደፊትም ከማብራሪያዎቹ የሚጀመር ሥራ ነው።