ጓሳ ሲዘጋ፣ ጓሳ ሲከፈት

በአባቴ በኩል የመንዝ ጓሳ ባለ ርስት ከነበሩት ከጌራ ተወላጆች ነኝ። በእናቴ በኩል ደግሞ ጓሳ ማጨድ ያልተፈቀደለት ቤት ልጅ ነኝ። ስለ መንዝ ጓሳ በተወራ ቁጥር ሁለቱ ወገኖቼ እኔው ላይ ሙግት ይገጥማሉ። የአባቴ ወገን «እንዲያ ነበር አገር የሚጠበቀው!» ይላል፤ የእናቴ ወገን «ለማን?» ብሎ ይመልሳል።

ጓሳ የሣሩም የሜዳውም ስም ነው። ሜዳው ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ይገኛል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታውም ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ብርድ ከገብስ ሌላ ደፍሮ የሚበቅል እህል ጥቂት ነው፤ በልጉ ቀረ ማለት ደግሞ ዓመቱ ተበላሸ ማለት ነው። ለመንዝ ሰው ታዲያ ጓሳ ሁለተኛ ጎተራው ነበር። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል፤ ቁጥቋጦው ለማገዶ ይሆናል፤ በክፉ ቀን ከብት የሚተርፈውም በእሱ ነው።

ይህን ሀብት ያስተዳድር የነበረው ሥርዓት ቀሮ ይባላል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። አገሩን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ናቸው፤ የመጠቀም መብቱም በአጽመ ርስት ለተወላጆቻቸው ይተላለፍ ነበር። ባለ ርስቶቹ አባ ቀራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። ሜዳው ከተዘጋ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ማጭድ አይነካውም፤ ከብትም አይደርስበትም ነበር። ጥበቃው በተራ ነበር። አያቴ ተራው ሲደርስ ባናውን ደርቦ፣ ቆሎውን በስልቻ ቋጥሮ ይወጣ ነበር። ከተራው የቀረ ሰው ቅጣቱ ከባድ ስለነበር «ታምሜ ነው» የሚል ሰበብ እንኳ ምስክር ይፈለግለት እንደነበር አጫውቶኛል።

ብዙ ሰው ስለ ቀሮ ሲያወራ መዝጋቱን ያደንቃል። መዝጋትማ ጉልበት ላለው ሁሉ ቀላል ነው። እኔን የሚገርመኝ አከፋፈቱ ነው። ሕዝቡ ሣሩ ደርሷል ብሎ ሲጠይቅ ሽማግሌዎች ሄደው ያዩታል። መድረሱ ከታመነበት ቀኑ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገራል። ጊዜው በጋው ሲከር ነው። መጀመሪያ አጫጆች ይገባሉ። እነሱ ሲጨርሱ ከብቱ ገብቶ ቃርሚያውን ይግጣል። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሁሉም ይወጣና ሜዳው ይዘጋል፤ ዝናቡ የሚያገኘው ሰውም ከብትም የሌለበትን መሬት ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም ከብቱ ቀድሞ ቢገባ፣ የሚታጨድ ባልተረፈ ነበር። ዝናብ ላይ ቢግጥ ደግሞ ሥሩ ተረግጦ ይቀራል።

በነገራችን ላይ፣ ያኔ ማንም ለቀይ ቀበሮ ብሎ ጓሳን አልዘጋም። ቀበሮው የኖረው በሰው የክዳን ሣር ውስጥ ተጠግቶ ነው። ሣሩ አይጥ ያረባል፣ አይጡ ቀበሮውን ይቀልባል። ጭላዳውም እዚያው ይግጣል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጓሳ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው እንደሚሳካለት፣ ለብቻው ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የሌለው፣ ለአቅመ ማደን የደረሰው ቁጥሩም 500 የማይሞላው ይህ እንስሳ ባለውለታው የጎጆ ክዳን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ርስት ሲቀር አጽመ ርስቱም፣ አባ ቀራውም አብረው ቀሩ። በአባቴ ቤት ይህ እንደ ሐዘን ነው የሚወራው። በእናቴ ቤት ግን ሌላ ነው። ወንድሞቿ እስከዚያ ድረስ የቤታቸውን ክዳን ከባለ ርስት ይገዙ፣ ወይም ለባለ ርስት ጉልበታቸውን ይሰጡ ነበር። አዋጁ ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ማጭዳቸው አጨዱ። እናቴ ይህን ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። ወዲያው ግን ትቀጥልና «ሁሉም ገባ፤ ሳይደርስ ታጨደ» ትላለች። ያልጠና ሣር የከደነው ቤት ቶሎ ያፈሳል፤ የተከፈተ ሜዳ ዘጊ ከሌለው ደግሞ የሚጠናበት ጊዜ አያገኝም።

እኔ በሁለቱም እፈርዳለሁ። ቀሮ ዘር ቆጥሮ ጎረቤቱን በር ላይ ያቆመ ሥርዓት ነበር፤ ይህን ሸፍኖ ማወደስ የእናቴን ወንድሞች መካድ ነው። አዋጁም በሩን ሲከፍት ቀን የሚቆርጠውን ሰው አነሣና በቦታው ማንንም አልተካም። የኋላ ኋላ የአዋሳኝ ቀበሌ ገበሬዎች ራሳቸው ኮሚቴ አቋቁመው የመዝጋት የመክፈቱን ሥራ ከዘር ቆጠራ ውጭ መለሱት። ቦታውም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በክልሉ ሕግ ታወቀ። አሁን ጭላዳና ቀበሮ ለማየት የሚመጣ እንግዳም አለ።

የምፈራው ቆርቆሮን ነው። ሣሩን የማይፈልግ ሰው ለሣሩ ብሎ በውርጭ ዘብ አያድርም፤ እንግዳ የሚያመጣው ገንዘብም ለእያንዳንዱ ቤት እንደ ክዳን አይደርሰውም። ባለፈው መንዝ ስሄድ የወንድሜ ልጅ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶት አየሁና ልቤ ቅር አለው። በረቱን ግን አዲስ ጓሳ ከድኖታል። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እኛስ ጋቢ አለን፤ ቆርቆሮ ሥር በሬው በብርድ ያልቅብኛል» አለኝ።