ጣሪያ ያልነበራት ከተማ እንዴት ተሠራች?

ወገኖቼ፣ እዚህ ሼክ ኑርም ሆነ በሌላው የሀርጌሳ ሰፈር ያላችሁ፣ ኪራይ በደረሰ ቁጥር «እኛስ መቼ ይሆን የራሳችን ጣሪያ የሚኖረን?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። እስኪ የተከራየንባት ከተማ ራሷ እንዴት እንደተሠራች እንይ።

ነገሩ የሚጀምረው በግንቦት 1980 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1988) ነው። ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን አማፂ ላለመርዳት ተስማሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይንቀሳቀስ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መጠጊያውን ሊያጣ ሆነና ወደ አገሩ ገብቶ ቡርዖንና ሀርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ ጦር ግን በትሩን ያሳረፈው በሕዝቡ ላይ ነው። አውሮፕላኖች ከዚሁ ከሀርጌሳ ማረፊያ እየተነሡ ይህችኑ ከተማ ደበደቡ። ከተማው መሐል ቆሞ የምናየው ሚግ የዚያ ዘመን ምስክር ነው።

ሕዝቡ ወዴት ሸሸ? ወደ እኛ አገር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ድንበር ተሻግሮ በሀርትሼክ፣ በደረወናጂ፣ በተፈሪ በርና በሌሎችም ካምፖች ሰፈረ። አብዛኛውን የተቀበለው የጅጅጋ አካባቢ ሶማሌ ወገኑ ነው፤ ያረፈበት መሬት ግን የኢትዮጵያ ነበር። ሀርትሼክ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሲሆን፣ የተዘጋው ከ16 ዓመት በኋላ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ነው።

እዚያ ቤት የሠራው ማን ነው? በአብዛኛው ሴቶቹ። በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድ ጎጆ መሥራት የሴት ሙያ ነው። እንጨቱን አጉብጠው ይተክላሉ፣ በእጃቸው የሠሩትን ሰሌን ያለብሱታል፤ ጉዞ ሲመጣ ነቅለው በግመል ይጭኑታል። በካምፕ ሰሌኑ ሲጠፋ ጨርቅ፣ ካርቶንና ሸራ አለበሱት። ሙያው ግን ያው የእናቶቻቸው ነበር።

ዚያድ ባሬ ወድቆ፣ ሶማሊላንድ ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ራሷን ነጻ አገር ብላ ስታውጅ ሰው መመለስ ጀመረ። ያገኘው ፍርስራሽ ነው። ከግድግዳ የተረፈው እንኳ ቆርቆሮው፣ በሩና የመስኮቱ ክፈፍ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። በየግቢው ፈንጂ ተቀብሯል። ስለዚህ መጀመሪያ የተሠራው ቤት ያው የካምፑ ጎጆ ነበር፤ በፍርስራሹ መካከልና በቀድሞው የእንግሊዝ ገዥ መኖሪያ፣ በስቴት ሀውስ ዙሪያ ተተከለ። ቀጥሎ ቆርቆሮ መጣ፤ ከዓረብ አገርና ከአውሮፓ ዘመድ ገንዘብ ሲልክ ደግሞ አንድ ክፍል የድንጋይ ቤት፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ክፍል። በ1994 (እ.ኤ.አ.) እርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ብዙዎች እንደገና ተሰደዱ፤ ተመልሰውም እንደገና ጀመሩ።

ይህን የምጽፈው «ውለታችንን መልሱ» ለማለት አይደለም። የአከራያችሁን እናት ግን የትኛው ካምፕ እንደነበሩ ጠይቋቸው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ይለወጣል።

እኛም ቤት መሥራት ከሰው የምንማር አይደለንም። አባቶቻችን ምሰሶ ተክለው፣ ማገር አስረው፣ ጭቃውን ከጭድ አቡክተው ሲመርጉ ጎረቤቱ በደቦ ይወጣ ነበር፤ ባለቤቱ ጠላና እንጀራ ያቀርባል እንጂ ደመወዝ አይከፍልም። ዛሬም በሀርጌሳ ፎቆች ላይ ድንጋይ የሚያቀብሉ፣ ሲሚንቶ የሚያቦኩ፣ ግድግዳ የሚለስኑ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። በሰው አገር የራሳችን መሬት የለንም፤ እጅ ግን አለን።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዝናቡ ሳይመጣ፣ ቆርቆሯቸው የሚያፈስባቸውን እናቶች ቤት ዓርብ ዓርብ ተሰብስበን በደቦ እንጠግን። አከራዩን አስፈቅደን ምስማርና ሸራ እናዋጣ። ልጆቻችንም አብረው ይውጡ፤ ምሰሶና ማገር ምን እንደሆነ በእጃቸው ይወቁ። አገራችን የምንገባበት ቀን ሲመጣ እነሱም ከባዶ የሚጀምሩ ይሆናሉና።

ፈጣሪ ለገዛ ደጃችን ያብቃን።