ከቅጹ የሚቀድም ሥራ፦ አምራቾች የኬሚካል ምዝገባ ግዴታቸውን እንዲወጡ ማገዝ

የአውሮፓ ኅብረት «ሪች» በሚል አጠራር የሚታወቀውን የኬሚካሎች ደንብ ያጸደቀው በዲሴምበር 2006 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ከጁን 1 ቀን 2007 ጀምሮ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የነበረው ሥርዓት ኬሚካሎችን በሁለት ጎራ ከፍሎ ያይ ነበር። ከሴፕቴምበር 1981 ወዲህ ገበያ የገባ አዲስ ንጥረ ነገር ሽያጩ በዓመት 10 ኪሎ ግራም ሲደርስ መመርመር ነበረበት። ከዚያ አስቀድሞ ገበያ ላይ የነበሩት ከ100,000 በላይ ንጥረ ነገሮች ግን በሺህ ቶን ቢሸጡ እንኳ አምራቻቸው በቅድሚያ ምርመራ እንዲያካሂድ አይገደድም ነበር። ጉዳት ያደርሳሉ ብሎ ማስረዳት የመንግሥት ሸክም ነበር። ሪች ይህን ሸክም ገለበጠው። በዓመት 1 ቶንና ከዚያ በላይ የሚያመርት ወይም የሚያስመጣ ሁሉ ሄልሲንኪ በሚገኘው የአውሮፓ ኬሚካሎች ኤጀንሲ ንጥረ ነገሩን ማስመዝገብ አለበት፤ በአንቀጽ 5 መሠረት መረጃ ያልቀረበበት ንጥረ ነገር ገበያ አይወጣም።

ሸክሙ ወደ አምራቹ ከዞረ በኋላ አምራቹን የሚያግዝ ሙያ ተፈጠረ። አማካሪዎች፣ ላቦራቶሪዎች፣ የንግድ ምክር ቤቶችና የየአገሩ የመረጃ ዴስኮች በዚሁ ሥራ ተሰማሩ። የእኔ መከራከሪያ አጭር ነው። አብዛኛው እገዛ የሚጀምረው ዘግይቶ፣ የምዝገባ ቅጹ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ድርጅቱን ከወጪም ከቅጣትም የሚያድነው ሥራ ግን ከዚያ በፊት በግዢ ክፍሉና በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ነው።

መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ድርጅቱ በሕጉ ፊት ማን እንደሆነ ነው። ጣሊያን ውስጥ ያለ የቀለም ፋብሪካ ሶልቬንቱን ከጀርመን አምራች ሲገዛ ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ የማስመዝገቡ ግዴታ የሻጩ ነው፤ እርሱ የሚጠበቅበት አጠቃቀሙ በሻጩ ሰነድ ውስጥ መሸፈኑን ማረጋገጥ ነው። ያንኑ ሶልቬንት ዋጋው ቀንሶለት ከቱርክ ያመጣው ዕለት ግን አስመጪ ይሆናል፤ የምዝገባው ግዴታም እርሱ ላይ ያርፋል። ግዢ ክፍሉ አቅራቢ ሲቀይር የፋብሪካው ሕጋዊ ማንነት አብሮ ይቀየራል። ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የአካባቢ ደኅንነት ኃላፊው ነው፤ የግዢ ትእዛዙ ላይ የሚፈርመው ግን ሌላ ሰው ነው። በእኔ እምነት ለአምራች የሚሰጥ ሥልጠና ከማንም በፊት የግዢ ሠራተኞቹን ማሳተፍ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የንጥረ ነገሩ ማንነትና መጠን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። መጋዘን ውስጥ ያለ በርሜል የሚናገረው የንግድ ስሙን ነው። ከበርሜሉ ጋር የሚመጣው የደኅንነት መረጃ ሰነድ 16 ክፍሎች አሉት፤ በውስጡ ያለውን የሚዘረዝረው ክፍል 3 ነው፤ እርሱም በአመዛኙ የሚያስቀምጠው ቁርጥ ያለ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚል መጠን ነው። አንድ ድርጅት በዓመት 8 ቶን የፋብሪካ ማጽጃ ከኅብረቱ ውጭ ያስመጣል እንበል፤ ሰነዱም አንዱ ንጥረ ነገር ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው ይላል። ሲሰላ ከ800 ኪሎ ግራም እስከ 1.6 ቶን ይሆናል። ታችኛው ቁጥር እውነት ከሆነ ምዝገባ አያስፈልግም፤ ላይኛው ከሆነ ያስፈልጋል። ያው ንጥረ ነገር በሌላ ሁለት ምርት ውስጥም ከገባ መጠኑ ተደምሮ ነው የሚታየው። ድርጅቱ ትክክለኛውን ቁጥር አቅራቢውን ሲጠይቅ «የንግድ ምስጢራችን ነው» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል።

ለዚህ ችግር ሕጉ ራሱ መውጫ አበጅቷል። ከኅብረቱ ውጭ ያለ አምራች ራሱ ማስመዝገብ ባይችልም በአንቀጽ 8 መሠረት ኅብረቱ ውስጥ ብቸኛ ወኪል መሾም ይችላል። ወኪሉ ምስጢሩን ከአምራቹ ተቀብሎ ያስመዘግባል፤ ደንበኞቹ የሆኑት አስመጪዎችም ከዚያ ወዲያ እንደ ተጠቃሚ ይቆጠራሉ። አምራቹ ቀመሩን ሳይገልጥ ገበያውን ያቆያል፤ አስመጪው ከምዝገባ ይድናል። ወኪሉ ግን የማን ዕቃ፣ በምን ያህል መጠን፣ ለየትኛው አስመጪ እንደገባ መዝግቦ መያዝ ግዴታው ነው። ስሙን አከራይቶ የሚቀመጥ ወኪል ለአምራቹ ጥበቃ ሳይሆን የዘገየ አደጋ ነው።

ማንነትን በተመለከተ መመሪያው ዋናው ይዘት 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነን ንጥረ ነገር በዚያው ይዘት ስም ይጠራዋል፤ ሌሎቹን በጥምር ወይም በአመራረታቸው ይለያቸዋል። ሁለት ፋብሪካዎች አንድ ስም ያለው ነገር ሊሸጡ ይችላሉ፤ በውስጡ ያለው ቆሻሻ ግን ይለያያል፤ የጉዳቱ ምንጭም አንዳንዴ ያ ቆሻሻ ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪ ትንተና ሳይደረግ የሌላውን የጥናት ውጤት «የእኔም ነው» ማለት አይቻልም።

ሕጉ ለአንድ ንጥረ ነገር አንድ የጋራ ምዝገባ ይላል። በተለይ በአከርካሪ እንስሳት ላይ የሚደረግ ሙከራ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆንና እንዳይደጋገም ስለሚፈለግ ተመዝጋቢዎች መረጃ ይጋራሉ፤ በመሪው ተመዝጋቢ በኩል የመጠቀሚያ ፈቃድ ደብዳቤ ይገዛሉ። አነስተኛ ድርጅቶች በብዛት የተጎዱት በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ እገዛ ካስፈለገም እዚህ ነው። ደንቡ የወጪ ክፍፍሉ ፍትሐዊ፣ ግልጽና አድልዎ የሌለበት እንዲሆን ያዝዛል፤ በ2016 የወጣው የማስፈጸሚያ ደንብም ወጪው በየዝርዝሩ እንዲቀርብ ጠይቋል። 5 ቶን የሚያስመጣ ድርጅት ለእርሱ የመጠን መደብ ለሚያስፈልገው መረጃ ብቻ ነው የሚከፍለው፤ ለ1,000 ቶን የተሠራውን ጥናት ወጪ የመጋራት ግዴታ የለበትም። ካልተስማማ ወደ ኤጀንሲው መሄድ ይችላል። ከ12 ዓመት በፊት የቀረቡ የጥናት ማጠቃለያዎችንም ካሳ ሳይከፍል መጠቀም ይፈቀድለታል። እነዚህ መብቶች ወረቀት ላይ አሉ፤ ነገር ግን የሕግ ክፍል የሌለው አሥራ ሁለት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ደረሰኙ ሲመጣለት ዝርዝር ጠይቆ መሞገት እንደሚችል የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

የኤጀንሲው ክፍያም ለአነስተኛ ድርጅቶች ይቀንሳል። ሆኖም የድርጅቱ መጠን የሚለካው ከእናት ኩባንያውና ከተሳሰሩት ድርጅቶች ጋር ተደምሮ ነው። ራሱን ብቻ ቆጥሮ ቅናሽ የወሰደ ቅርንጫፍ በኋላ ሲጣራ ልዩነቱንም ተጨማሪ ክፍያም ይጠየቃል።

የመጨረሻው የምዝገባ ቀነ ገደብ ሜይ 31 ቀን 2018 ሲያልፍ ከ21,000 በላይ ንጥረ ነገሮች ተመዝግበው ነበር። ብዛቱ ትልቅ ውጤት ነው። የመረጃው ጥራት ግን ወደኋላ ቀርቶ ስለነበር በ2020 ኅብረቱ በየመደቡ የሚመረመረውን የምዝገባ ድርሻ ከ5 ወደ 20 በመቶ አሳደገው፤ በዚያው ዓመትም መረጃን ለማደስ የሚሰጠውን ጊዜ በወራት ቆርጦ ደነገገ። ደብዳቤ ገዝቶ ፋይሉን የዘጋ ድርጅት መጠኑ ሲጨምር ወይም አዲስ አጠቃቀም ሲመጣ የሚያድስለት ሰው ከሌለ ምዝገባው በእጁ ላይ ያረጅበታል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይነካል። የኢትዮጵያ በግ ሌጦ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው፤ ጓንት ደግሞ ከሰውነት ጋር የሚነካካ ዕቃ ነው። ቆዳና ጓንት እንደ ዕቃ ስለሚቆጠሩ በአመዛኙ ምዝገባ አይጠየቁም፤ ይሁን እንጂ በዚሁ ደንብ ሥር ከሜይ 2015 ጀምሮ ከቆዳ የተሠራና ሰውነት የሚነካ ዕቃ በኪሎ ግራም 3 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ክሮሚየም ስድስት ከያዘ ገበያ አይገባም። ፋብሪካዎች የሚያለፉበት ክሮሚየም ሦስት ነው። ወደ ስድስት የሚለወጠው በኋላ ነው፤ ማለስለሻው ቅባት በቀላሉ ኦክሲጅን የሚቀበል ዓይነት ሲሆን፣ ገለልተኛ የማድረጊያው እርከን ከልክ በላይ አልካላይን ሲሆን፣ ወይም ቆዳው በሙቀትና በብርሃን ሲከማች። ፋብሪካው በር ላይ ንጹሕ ሆኖ የተለካ ቆዳ ኮንቴይነር ውስጥ ሰንብቶ ሃምቡርግ ሲደርስ ሊወድቅ ይችላል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ ቅባቱን መርጦ መግዛት፣ በመጨረሻው እርከን እንደ ሚሞዛ ያለ የዕፅ ታኒን መጨመር፣ ቆዳውን በሙቀት አስረጅቶ ከመላኩ በፊት መለካት።

እዚህም እገዛው ከቅጹ ይቀድማል። ለቆዳ ፋብሪካ የሚጠቅመው የአውሮፓን ደንብ የሚያነብ ጠበቃ ብቻ አይደለም፤ ከቆዳ ማልፊያው ከበሮ አጠገብ የሚቆም ኬሚስት፣ በአገር ውስጥ በዓለም አቀፍ መለኪያ የሚሠራ ላቦራቶሪ፣ እንዲሁም ቅባቱ ከመገዛቱ በፊት አቅራቢው መልስ እንዲሰጥበት የሚላክ አንድ ገጽ መጠይቅ ነው። ተጣርቶ ለሚላክ የእጣን ዘይትም ያው ነው። በእንፋሎት የተጣራ ዘይትን ደንቡ በተፈጥሮ የሚገኝ ብሎ ከምዝገባ ነፃ ያደርገዋል፤ አደገኛ ተብሎ ከተመደበ ግን ነፃነቱ ይቀራል፤ አንድ አስመጪ በዓመት 1 ቶን ሲያስገባም ምዝገባ ይጠየቃል። ላኪው የዘይቱን ይዘት የሚያሳይ ትንተና በእጁ ከሌለ አስመጪው የሚጽፈው ነገር አይኖረውም፤ ትንተናው ደግሞ መሠራት ያለበት ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።