አዋኪው ሰው በጨዋታው ውስጥ ይግባ ወይ?

ዘመናዊ ቴአትር በአገራችን ሲጀመር በመድረክ ላይ ታሪካቸው የታየው አውሬዎች ነበሩ። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት፥ በኋላም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ከጻፋቸው ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት አዘጋጁ። ድርሰቱም አዲስ አበባ ውስጥ በቴራስ ሆቴል በመኳንንቱ ፊት ታየ። ነገር ግን በአውሬዎቹ አፍ የተነገረው የሹማምንት ጉቦኝነትና ስንፍና ስለ ነበረ፥ በቆዳው ውስጥ ማን እንዳለ ማወቅ ብዙ የሚያደክም አልነበረም።

ዘመኑ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ነበር። ድርሰቱ ታገደ፥ ቅጂውም ተሰበሰበ። ነገሩ በዚህ ብቻ ቢቆም ኖሮ ስለ አንድ መጽሐፍ መጥፋት እናዝን ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ እስከ ንግሥቲቱ ዘመን ፍጻሜ፥ እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ፥ ቴአትር ማሳየት ራሱ ተከልክሎ ቆየ። እኛን የሚያስደንቀን ይህ ነው። ያስቀየመው አውሬ ሲባረር፥ ማንንም ያልነካው አብሮ ተባረረ።

ይህን የቆየ ታሪክ እንድናነሣ ያደረገን በትምህርት ቤታችን የቴአትር ክበብ ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። የዘንድሮው የክበቡ ጨዋታ አስቀድሞ የተጻፈ አይደለም። እያንዳንዱ ተማሪ የሚሆነውን ሰው ራሱ ይመርጣል፥ ንግግሩንም ራሱ ያወጣል፥ ታሪኩ በኅብረት ይሠራል። አንዱ ዳኛ፥ አንዷ ነጋዴ፥ ሌላው ባላገር ሆኖ ሲገባ የተቃወመ አልነበረም። ከጎተራ በቆሎ የሚሰርቅ፥ ጠጥቶ የሚበጠብጥ፥ ወዳጁን የሚከዳ ሰው እንሆናለን የሚሉ በመጡ ጊዜ ግን፥ «እነዚህ የሁላችንን ድካም ያበላሹብናል፥ በወላጆቻችንም ፊት ያሳፍሩናል» የሚል ድምፅ በረታ። ሰፈሩ የሲሬ አካባቢ መሆኑን ተመልካች ሁሉ ስለሚያውቅ፥ «ሌባ የሚበዛበት አገር ታስመስሉናላችሁ» ያሉም ነበሩ። ሥጋቱ ቀላል አይደለም። አውሬዎቹን ያሳገደው ሥጋትም ከዚህ የራቀ አይመስለንም።

በሙከራ አዋኪዎቹ ሁሉ ወጥተው አንድ ልምምድ ተደረገ። ዳኛው የሚፈርደው አጣ፥ ነጋዴዋም የሚከራከራት አጣች። ሁሉም ሰላምታ ሲለዋወጡና ስለ ዝናም ሲነጋገሩ ቆይተው፥ ከመካከላቸው አንዱ «ታዲያ አሁን ምን እናድርግ?» ብሎ ጠየቀ። በእርግጥም ጥሩ ጥያቄ ነበር።

ሕፃናት ይህን ከእኛ ቀድመው ያወቁት ይመስላል። ዕቃቃ ሲጫወቱ አንዷ እናት፥ አንዱ አባት፥ ሌላው እንግዳ ይሆናል፤ ጥቂት ቆይቶም ጅብ ሆኖ የሚመጣ አይጠፋም፥ ጅቡ ሲመጣም ጨዋታው ይሞቃል። «ሌባና ፖሊስ» በተባለው ጨዋታ ደግሞ ሌባ መሆን የሚፈልግ ከጠፋ ፖሊሶቹ ወደየቤታቸው ከመሄድ በቀር ሥራ የላቸውም። በወለጋ በምሽት እሳት ዳር የሚነገረውም ተረት ያለ ተንኮለኛ አይቆምም። አናሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1894 በምንኩሉ ላሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ፥ አስቴር ጋኖ ከሕዝቡ አፍ የወጡ ተረቶችንና ዘፈኖችን ሰብስባ ነበር። ሁለቱም በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ነቀምቴ መጥተው በማስተማር ኖረዋል። የሃይማኖት ሰዎች ሲሆኑ ለልጆች ማስተማሪያ ብለው የሕዝብ ተረት ማኖራቸው ለዚህ ክርክር የሚረባ ነገር ነው።

ክርክሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ አወጡ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፥ አንዱ ታሪኩን ይመራል፥ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይናገራሉ፥ የሚሆነውንም በዳዶ ይወስናሉ። ሌባም፥ ለገንዘብ ብሎ የሚገድል ነፍሰ ገዳይም መሆን ይቻል ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ጨዋታው ልጆችን ወደ ሰይጣን አምልኮ ይወስዳል የሚሉ ወላጆች ተነሡ። በ1989 በታተመው ሁለተኛ ዕትም ነፍሰ ገዳዩ ከተጫዋቾች ምርጫ ወጣ፥ የአጋንንቱም ስም ተለወጠ። ሌባው ግን ቀረ! በ2000 በታተመው ሦስተኛ ዕትም ደግሞ ነፍሰ ገዳዩ በሌላ መልክ ተመለሰ።

ታዲያ ችግር የለም ማለታችን አይደለም። አለ። በልምምድ ጊዜ ሰካራም የሆነ ተማሪ በጨዋታው ውስጥ ያለችውን ነጋዴ መስደቡን ትቶ፥ ነጋዴዋን የምትጫወተውን ተማሪ በጫማዋ ማርጀት ሲሰድባት ሰምተናል። «ለምን?» ሲባልም «የያዝኩት ሰው ጠባዩ እንዲህ ነው» አለ። ይህ ማመካኛ ነው። በቆሎ የሚሰርቀው ሌባ የሚጎዳው ጎተራውን ነው፤ ጎተራውም የለም። የተሰደበችው ልጅ ግን አለች፥ ማታም አልቅሳ ታድራለች። ስለዚህ የእኛ አሳብ መመርመር ያለበት ሌባው ወይም ከሐዲው ሳይሆን፥ በእርሱ ተሸፍኖ ጓደኛውን የሚያጠቃው ተጫዋች ነው የሚል ነው። ለእርሱ ደግሞ ቅዱስ ሁን ቢሉትም ጥቅም የለውም፤ በጸሎት መካከል የሚሰድብበትን መንገድ ያገኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ኢያጎ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ወደ አማርኛ መልሶ፥ ተመልካቹ ይህን ሰው በገዛ ቋንቋው ሲዋሽ ሰማው። ኢያጎ ወዳጁን አታልሎ ንጹሕ ሚስቱን ያስገድለዋል። ሆኖም ኢያጎን የሚጫወተው ተዋናይ ከማንም ይልቅ ለጓደኞቹ የታመነ መሆን አለበት። መሐረቡ በሰዓቱ ካልተገኘ፥ ቃሉም በቦታው ካልተነገረ፥ ኦቴሎ በመድረክ መካከል ብቻውን ይቀራል። የታሪኩ ከሐዲ የጨዋታው ታማኝ ነው። ክበባችን ኢያጎን የሚችል ልጅ ካለው፥ በደስታ ይቀበለው እንላለን፤ ልምምድ የሚቀር ከሆነ ግን ዳኛም አይሁን።

ቴአትር ከእገዳው የወጣው ከ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ወዲህ ሲሆን፥ መጠጊያ ያገኘውም በትምህርት ቤቶች ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤና መልአኩ በጎሰው ድርሰታቸውን ከተማሪዎች ጋር ያሳዩ ነበር። ጸጋዬም ራሱ፥ ከእኛ ከተማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአምቦ ገና ተማሪ ሳለ፥ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ድርሰት ጻፈ። ዲዮኒስዮስ በጥንት ዘመን የሲራኩስ ጨካኝ ገዥ የነበረ ነው። የአምቦ ልጆች ያን ጨካኝ ንጉሥ ለብሰው በመድረክ ሲቆሙ፥ ከፊታቸው ተቀምጠው የተመለከቱት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።